የድንጋይ ፈላጮቹ ግዝት

በየትኛው ዓመት እንደነበረ ልኩን አላስታውስም። በጣሊያን ጊዜ ነው። ቦቃው በሬዬ ከታረደብኝ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፤ በእርግጠኝነት የምናገረው ይህን ያህል ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የተማሩ ሰዎች ያውቁታል። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ ስደርስ ወደ እርሻ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ ዘመን የምቆጥረው በበሬ ነው።

የልጅ ልጄ በሚሠራበት ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ተመራጭ ነው። ለበዓል ሲመጣ ስለ ማኅበሩ አውርቶ አይጠግብም። «አባባ፣ ማኅበር ባይኖር እኮ ባለ ፋብሪካው ባሻው ቀን ያባርረናል» ይለኛል። እኔ ዝም እላለሁ። ዝም ስል የተስማማሁ ይመስለዋል። አልተስማማሁም። የሠራተኛ ማኅበር ሲባል በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ቅር ይለኛል። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ላስቀምጠውና ይውጣልኝ።

ያኔ የጣሊያን ወታደር በቀያችን ሲያልፍ ከብት እየነዳ ይወስድ ነበር። ከሁለቱ በሬዎቼ ቦቃውን ወስደው አረዱት፤ ዳልቻው ቀረልኝ። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ እግር እንዳለው ሰው ነው፤ ቆሞ ይታያል እንጂ አይሄድም። አንድ አንድ በሬ አዋጥተን እንቀናጅ እንዳልል የጎረቤቱም ከብት ተነድቷል። ሌላ በሬ መግዣ እስካገኝ ብዬ ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ድንጋይ ፈላጭ ሆኜ ገባሁ። መንገዱን የሚሠራው አንድ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። «ለጠላት መንገድ ትጠርጋለህ?» ያሉኝ ነበሩ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ከነቀፉኝ ውስጥ በሬ እየነዳ የመጣልኝ አልነበረም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከገደሉ የተፈነቀለ ድንጋይ ይመጣልሃል፤ ቁጭ ብለህ ጠጠር እስኪሆን በመዶሻ ትፈልጣለህ። ወደ ማታ የሥራው አዛዥ፣ ካቦው፣ የሳንቃ ሣጥን አስይዞ ይመጣና ጠጠርህን ይሰፍራል። ሣጥኑ ካልሞላ የቀንህ ድካም ቀረ። ሁለት ቀን ተከታትሎ ካልሞላ ቦታህ ለሌላ ይሰጣል።

እኛ ደግሞ በወንፈል ያደግን ሰዎች ነን። ሣጥኑ የጎደለበት ሰው ሲኖር፣ ካቦው ዘወር እስኪል ጠብቀን ከየክምራችን እፍኝ እፍኝ እንጨምርለታለን። አንዱን ወባ ጥሎት በተኛ ጊዜ የእሱን ቦታ ስምንት ቀን ሙሉ እየተፈራረቅን ሸፈንለት። ከዚያ በየወሩ በሚካኤል ቀን ዳቦና ጠላ አምጥተን ከምንፈልጥበት ቋጥኝ ሥር ጽዋ መጠጣት ጀመርን። ለማኅበሩም እንደ ወጉ ሙሴ መረጥን፤ ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ መልካም፣ ሲናገር ድንጋይ የሚያስነሣ ሰው ነበር። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማኅበር አልጠላም። እፍኝ ጠጠር ሲያዋጣ ደግ ነበር። የከፋው አፍ ያወጣ ለት ነው።

አንድ ቀን ከመካከላችን አዲስ ሙሽራ የነበረውን ሰው መዶሻው የፈነጠረው ስባሪ ቀኝ ዓይኑን አጠፋው። በነጠላ አስረን ቤቱ ወስደን አስተኛነው። በማግስቱ ካቦው በአስተርጓሚው አፍ፣ «አንድ ዓይን ድንጋይ አይፈልጥም፤ ቦታው ተይዟል» አለን።

ከሥራ ስንወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ሙሴ ተነሣ።

«ዛሬ እሱ፣ ነገ አንተ፣ ከነገ ወዲያ እኔ! እስኪመልሱት ድረስ ማናችንም መዶሻ አናነሣም። ክረምት እየመጣባቸው ነው፤ ያለ እኛ መንገዱ አያልቅላቸውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!»

የእህቴ ባልም ከእኛው ጋር ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። ከኋላ ተቀምጦ ጭራሮ እየሰባበረ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አንበሳው እስኪታሰር ድሩ ምን ይበላል?» አለ።

ሰው ሳቀ። ሙሴ አልሳቀም።

«አንተ መቼም ሆድህን ነው የምታስበው።»

«ሌላ የሚያስብልኝ ስላጣሁ ነዋ።»

«ዓይኑ የጠፋው ወንድምህ አይደለም?»

«ወንድሜ ነው። ለወንድምህ እፍኝ ጠጠር ስጥ ብትሉኝ ቁና እሰጣለሁ። እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥለት ነው የምትሉኝ። እኔ ስቀመጥ የእሱ ዓይን ይበራል?»

ነገሩ እንዳይላላ ፈርቶ ነው መሰለኝ ሙሴ የማኅበሩን ንስሐ አባት አስጠራ። አባ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱን። እኔ ግዝቱን ሳልፈታ ሥራ የገባ ከማኅበሩ ጋር አይብላ፣ አይጠጣ፣ ሲሞትም ቀባሪ አያግኝ አሉ። አንድ በአንድ እየተነሣን አሜን አልን። የእህቴ ባል ተራው ሲደርስ ጋቢውን አራግፎ ወጣ።

«አያ፣ ተመለስ እንጂ! አታሰድበኝ» አልኩት።

«ለስድቡ አታስብ አማቼ፤ ስድብ አይራብም» ብሎኝ ሄደ።

«ሆዳም! ጣሊያን ያጉርስህ!» ብለው ከኋላው ጮኹበት። እኔም አብሬ ጮኼያለሁ። ይህን መደበቅ አይገባኝም።

ሁለት ቀን ከቋጥኙ ሥር የመዶሻ ድምፅ ጠፋ፤ የአንድ የእህቴ ባል መዶሻ ብቻ ቀጭ ቀጭ ሲል ከሩቅ ይሰማ ነበር። እየሳቅንበት ከዋርካው ሥር ዋልን። ልቤ ሞቆ ነበር፤ አልዋሽም። በሦስተኛው ቀን አስተርጓሚው በበቅሎ መጣ።

«የተጎዳው ሰው የዕቃ ጥበቃ ይሰጠዋል» አለን። «እናንተም ቦታችሁ አለ። ነገ ፀሐይ ሳትሞቅ ያልገባ ግን ሥራ የለውም። ከደምበጫ በኩል ሰው እየመጣ ነው።»

እልል አልን። ተቃቀፍን። አሸነፍን! ከዚያ ከመካከላችን አንዱ ሽማግሌ፣ «ግዝቱስ?» አሉ።

ሁላችንም ክው አልን። አባ በዋዜማው ለመምህራቸው ተዝካር ወደ ደብረ ኤልያስ ሄደዋል። ተሯሩጠን ወደ ሌላ ቄስ ሄድን። «የሰው ግዝት እኔ ምን አግብቶኝ? የገዘተ ይፍታ» ብለው መለሱን።

«ሙሴ፣ ነገ እንግባ» አልኩት። «አባ ሲመጡ ንስሐ እንገባለን። እኔ ይህን ሥራ ካጣሁ የዘንድሮ መሬቴ ጦም ማደሩ ነው።»

«አንተም እንደ አማችህ ሆድህ ተናገረ?» አለኝ በሰው ፊት። «ክረምት ተቀምጦበት ጣሊያን የት ይሄዳል? አንድ ቀን ይጠብቃል። ይልቅ እግረ ቀላል ነህ፤ ሂድና አስፈታን።»

ሄድኩ። ሞኝነቴን ስንቅ አድርጌ ገሠገሥኩ። ደብረ ኤልያስ ስደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። አባ ከተዝካሩ ድንኳን ወጥተው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ?»

«ደኅና ነን አባቴ። ግዝቱን እንዲፈቱልን ነው።»

«ኩባንያው እምቢ አለ?»

«እሺ አለ እንጂ። እሺ ስላለ ነው የቸገረን።»

ነገሩን ሲሰሙ መስቀላቸውን አወጡ። «እሄዳለሁ ብዬ ለሙሴ ነግሬዋለሁ እኮ። ከመሄዴ በፊት ልፍታው ስለው፣ ‹አይሆንም፤ ሰዉ ይላላብኛል፤ እንደታሰረ ይቆይ› አለኝ።»

እዚያው ፈቱን። እግዚአብሔር ይፍታ ሲሉ ግንባሬን በመስቀሉ ነኩኝ፤ መስቀሉ ይቀዘቅዝ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ መንገድ ገባሁ።

ከቀትር በኋላ ወደ ቋጥኙ ስቃረብ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። አንድ መዶሻ ሳይሆን ብዙ መዶሻ። ወዳጆቼ ልብ ገዝተው የገቡ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ስደርስ አንድም የማውቀው ፊት የለም። በእኔ ቦታ አንድ የደምበጫ ሰው ተቀምጦ የእኔን መዶሻ ይዟል። እጀታውን በቦቃው በሬዬ የቀንበር ጠፍር የጠመጠምኩት እኔ ነኝ፤ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

«እንደምን ዋሉ ጌታው? መንገድ ጠፋዎት?»

«አዎ፣ ጠፋኝ» አልኩት።

ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ዓይኑ የጠፋው ሰው ዱላ ይዞ ተቀምጧል። እሱ ታሞ ተኝቶ ስለነበር ግዝቱ አልነካውም። ጠዋት የእህቴ ባል ቤቱ ሄዶ እጁን ይዞ አምጥቶ ለካቦው አስረከበው። ሲያየኝ ባንድ ዓይኑ መሬት መሬት አየ።

ወደ ሙሴ ሄድኩ። ከማሳው ላይ አገኘሁት፤ ያርሳል።

«ግዝቱ ተፈቷል» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ፤ በሬዎቹን አላቆመም። «አየህ፣ ለኩባንያው ትምህርት ሰጥተነዋል።»

«የተማርነውስ እኛ ነን» አልኩት። አልሰማኝም፤ ጅራፉን አጮኸ። እሱ ሁለት በሬ ነበረው። ይህን ያኔ ከዋርካው ሥር ሆኜ ማሰብ ነበረብኝ፤ ሰው ሲናገር ከማዳመጥ በፊት ስንት በሬ አለው ብሎ መጠየቅ ነበር።

ኩባንያው ደግ ነበር አላልኩም። የሰው ዓይን አጥፍቶ ያባረረ ኩባንያ ነው። ነገር ግን ጠላቴ መሆኑን ስለማውቅ እጠነቀቀው ነበር፤ ማኅበሩን አልተጠነቀቅሁትም። ኩባንያውም ቢሆን አልተጠቀመበትም። አዲሶቹ ሰዎች ድንጋዩ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ እስኪያውቁ ቀኑ አለፈ፤ ዝናቡ ደረሰና ያነጠፉትን ጠጠር ጎርፍ ጠረገው። ሥራው ቆመ። የደምበጫዎቹም፣ የእህቴ ባልም፣ ሁሉም ተሰናበቱ።

የልጅ ልጄ ይህን ቢያነብ፣ «አባባ፣ ዓይኑ ለጠፋው ሰው ሥራ ያስገኘው እኮ ማኅበሩ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አስቤበታለሁ። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። የእሱ የጥበቃ ሥራ የተገዛው በእኛ እንጀራ ነው፤ እንጀራውን ከእጃችን ሲወስዱት ግን ማንም አልጠየቀንም። አሜን በሉ አሉን፤ አሜን አልን።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላም አልፈረሰም፤ እሱ ነው የሚገርመኝ። ሥራ የሌለው የሥራ ማኅበር ሆኖ ጽዋውን ይጠጣ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠብቆ ያዘ፤ የእህቴን ባል ማግለል። ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ከማኅበሩ ሰው አልሄደም። እኔም አልሄድኩም። እህቴ በሰው እጅ ድፎ ዳቦ ላከችልኝ፤ አልቀመስኩትም።

ዝናቡ ጠነከረ። የሰው መሬት ሦስተኛ እርሻው ሲያልቅ የእኔ ማሳ ሳይነካ አረም በቀለበት። ዳልቻው ከደጅ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ያመነዥካል። ሸጬው ልጆቼን ላብላበት፣ ወይስ ላቆየው እያልኩ ስብሰለሰል አንድ ጠዋት የሰው ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ የእህቴ ባል ነው፤ አንድ ቀይ በሬ ይነዳል። እኛ ሥራ አጥተን ስንቀመጥ እሱ እስከ ዝናቡ ፈልጦ የገዛው ነው።

«ቀንበር አለህ አማቼ፣ ወይስ እሱንም ማኅበሩ ወሰደው?»

«አያ» አልኩት። «እኔ እኮ ሰድቤሃለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ከሁሉ የአንተ ድምፅ ነው የጎላው።»

«ከአንተ ጋር የዋለን ሰው ማኅበሩ...»

«በሬዎቹ አሜን አላሉም» አለኝ። «ና ያዝልኝ፤ ይሄ ቀዩ ሰው ይለምዳል እንጂ በሬ አይለምድም።»

ዳልቻውንና ቀዩን ጠመድናቸው። መጀመሪያ ተጋፉ፤ ወደ ረፋዱ ትልሙ ቀና። አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን እያረስን ዘሩን አደረስነው። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ ምሳ ስታመጣ ከአንድ ገበታ በላን፤ በመንገዱ የሚያልፍ የማኅበሩ ሰው አየንና ፊቱን አዞረ። እኔ እጄን አልሰበሰብኩም።

ያን ዓመት ልጆቼ ጦም አላደሩም። ያሻገረኝ ማን ነው ብትሉኝ፣ ማኅበሩ አይደለም፣ ሙሴም አይደለም። ጣሊያን ያጉርስህ ብዬ የጮኽኩበት የእህቴ ባል ነው።