መለያ የሌላት ጠርሙስ

አክስቴ ጠዋት ጠዋት የቤተ ሙከራውን በር ከፍታ፣ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ የአንገቷን ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ ድረስ ከፍ ታደርገዋለች። ዓይኖቿ ብቻ ይቀራሉ። አዲስ ተማሪ የኬሚካሉን ሽታ ፈርታ ይመስለዋል። ነባሮቹ ግን ያውቃሉ፤ "ሽፍታዋ" የሚሏትም በዚሁ ነው።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ምንነቱ ያልተነገረ የጨው ውህድ በሙከራ ቱቦ ትሰጣቸውና፣ ተማሪዎቿ ከዚህም ከዚያም መፈተሻ ጠብ እያደረጉ የትኛው ጨው እንደሆነ ይደርሱበታል። ችግሩ የእሷ ፊት ነው፤ ምንም መደበቅ አይችልም። ተማሪው "ዚንክ ነው፣ ቲቸር?" ሲላት፣ ዚንክ ከሆነ ከንፈሯ ሳታዝዘው ፈገግ ይላል፤ ካልሆነ ይኮማተራል። እያደር ቱቦውን የሚያይ ጠፋ፤ ሁሉም የሚያየው የእሷን አፍ ሆነ። ሸፈነችው።

ዘንድሮ ዝናቡ በበረታ ሰሞን የቤተ ሙከራው ጣሪያ አፈሰሰ። የፈሰሰውም ልክ ከጠርሙሶቹ መደርደሪያ በላይ ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ለደግ ብሎ ጠርሙሶቹን ሁሉ አውርዶ፣ የረጠበውን ወረቀት እየላጠ፣ አንድ በአንድ ወለወላቸው። አክስቴ ስትደርስ መሬት ላይ እንደ መስታወት እያብረቀረቁ ጠበቋት።

"እንደ ሕፃን ነው ያጠብኩልሽ፣ እህቴ" አላት ደስ ብሎት።

"አዎ፣ ስማቸውንም አጥበህልኛል" አለችው።

ርዕሰ መምህሩ መጣ። ድሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ እስካሁን "እርስዎ" ይላታል። ጠርሙሶቹን እየዞረ አያቸው።

"መርዝ ይሁን ስኳር የማይታወቅ ነገር ልጆች መሀል ማስቀመጥ አልችልም። ይወገዱ። ምትክ የሚሰጠን የለም፤ ክፍሉ የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ይሁን።"

"እስከ ዓርብ ታገሠኝ" አለችው። "ልጆቹ መርምረው ስማቸውን ይመልሱላቸው።"

"እሺ፣ እስከ ዓርብ። ግን አንዲት እንኳ ሳትታወቅ ብትቀር ወይም በስህተት ብትሰየም፣ ክፍሉን ልዘጋው ቁልፉን ይዤ እመጣለሁ።"

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቼ ነበር። "ግጥሙ ይቆይሽና ነይ መለያ ጻፊልኝ፤ ያንቺ ጽሕፈት ይነበባል" አለችኝ። እኔም ቀለምና ወረቀቴን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

ዓርብ ጠዋት አክስቴ እንደ ልማዷ ሻርፗን ከፍ አደረገች። ወዲያው ግን ቆም አለችና ጨርሳ ፈትታ ምስማር ላይ ሰቀለችው።

"ዛሬ የምደብቀው የለኝም። እኔም እንደናንተ ነኝ፤ አላውቅም።"

ልጆቹ አገጯን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከኋላ አንዱ "ሽፍታዋ እጇን ሰጠች" ሲል ተንሾካሾከ።

"ሰምቼሃለሁ፤ ና፣ መጀመሪያ አንተ ሞክር።"

የዚያን ቀን ያየሁትን እስከዛሬ በግጥም ልጽፈው አልቻልኩም። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ውሃ ላይ አሞኒያ ሲጨመርበት፣ ሰማዩ ሁሉ ወደ ቱቦው የገባ ይመስል ጠቆር ብሎ ደመቀ፤ "ኮፐር!" አሉ። አንዱ ውሃ ዝገት የመሰለ ዝቃጭ አወጣ፤ አይረን ሆነ። ሌላው ነበልባሉን አረንጓዴ አለበሰው፤ ባሪየም። ዲዳ የመሰለው ውሃ ሁሉ፣ የሚጠይቀው ሲያገኝ፣ ለካ ስሙን ይናገራል። እኔም እየጻፍኩ እለጥፋለሁ።

አመሻሹ ላይ አንዲት ጠርሙስ ቀረች። ከመጠጥ ውሃ የማትለይ፣ ጥርት ያለች። ናይትሬት የሚባል ጨው መሆኗን ደርሰውበታል፤ የቀረው ከናይትሬቱ ጋር የተዋሃደው ብረት የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ሲጨመርባት እንደ ወተት ነጣች፤ ሲበዛባት መልሳ ጠራች። በሌላ ቱቦ አሞኒያ ሲጨመርባት ነጣች፤ ቢበዛባትም እንደነጣች ቀረች።

አንዱ "አሉሚኒየም ነው፣ ቲቸር?" ሲል የአክስቴ ፊት በራ። 

"አሉሚኒየም!" አለ ክፍሉ በሙሉ። ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ብዕሬን ነክሬ "አሉ" ብዬ ጀምሬያለሁ።

"ቲቸር..." የሚል ድምፅ ከወደኋላ መጣ። ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ የዋለች ልጅ ናት። ዓይኗን ከቱቦዋ አላነሳችም። "ሊድም እኮ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱን የሚለየውን አዮዳይድ አልጨመርንም።"

"የቲቸርን ፊት አላየሽም እንዴ?" አላት ጎረቤቷ።

"እኔ የማየው ቱቦውን ነው።"

አክስቴ ቀላች። ርዕሰ መምህሩን አየችው፤ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ አየችው። ከዚያ ማንጠብጠቢያውን ለልጅቱ ሰጠቻት። "አንቺው ጨምሪ።"

ልጅቱ ከጠርሙሷ ውሃ በአዲስ ቱቦ ቀዳችና አዮዳይዱን ጠብ አደረገችበት። ጥርት ያለው ውሃ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነ። ሊድ ነበር፤ እርሳስ የምንለው ከባዱ ብረት።

"ገና ነው" አለች አክስቴ። ውሃ ጨምራበት፣ ቱቦውን በእሳት አሞቀችው። ቢጫው እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ።

"ኧረ ጠፋ! ቲቸር፣ ጠፋ እኮ!"

"ዝም ብላችሁ እዩ።"

መስኮቱ ላይ አቆመችው። ውሃው ቀዝቀዝ ሲል አንዲት የወርቅ ቅንጣት ከባዶው ውስጥ ብቅ አለች። ሌላ ተከተለች። ከዚያ ቱቦው ሞላ፤ ወርቁ እየተሽከረከረ፣ ብርሃን እየመታው፣ ቀስ ብሎ ይዘንባል። 

"ይሄን በእኛ ጊዜ አላሳዩንም" አለ ርዕሰ መምህሩ፣ እንደ ልጅ አንገቱን አስግጎ።

"በእናንተ ጊዜ የምታዩት እኔን ነበር" አለችው።

ሳቀ፤ ቁልፉንም ሻርፑ የተሰቀለበት ምስማር ላይ ሰቅሎላት ሄደ። እኔ "አሉ" ያልኩበትን ወረቀት ቀድጄ "ሊድ ናይትሬት፤ መርዝ" ብዬ ጻፍኩ።

ይህን ልጽፍ መሆኑን ስነግራት አልተቃወመችም። "መሳሳቴንም ጻፊ፤ ይማሩበታል። አንዷን ነገር ብቻ ተይልኝ። ቤተ ሙከራ መጫወቻ አይደለም እያልኩ ስንቱን ከክፍል ያስወጣሁ ሰው ነኝ።"

ያቺ ቱቦ አፏ ተደፍኖ መሳቢያዋ ውስጥ አለች። ማታ ልጆቹ ሲወጡ አክስቴ የፈላ ውሃ ውስጥ ታቆማታለች፤ ቢጫው ሲጠፋ አውጥታ መስኮቱ ላይ ታደርጋታለች። ሻርፗን ታወርዳለች። አገጯን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ አፏን እንደከፈተች፣ የመጨረሻዋ የወርቅ ቅንጣት እስክታርፍ ድረስ ወደ ቤት አትሄድም።