ከላይ ይጫናል የተባለው ሻንጣ

በደርግ ጊዜ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ የሆነ ነው። ዛሬም ሰው ቤት ሲለቅ፣ ዕቃ መኪና ላይ ሲጫን ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ምክንያቱን ልጆቼ እንኳ አያውቁም።

አባቴ ከታሰረ አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ኦሎምፒያ አካባቢ የነበረው ቤታችን ተወሰደና ሾላ ገበያ አጠገብ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ተሰጠን። «ረቡዕ እስከ ስድስት ሰዓት ውጡ፤ ከዚያ በኋላ ውስጥ የተገኘ ዕቃ የመንግሥት ነው» ተባልን። የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን።

ጎረቤት የለመነልን የጭነት መኪና ረፋዱ ላይ መጣ። ሹፌሩ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። እኛ ከድንጋጤያችን የተነሳ ፍራሹንም ድስቱንም፣ እጃችን የገባውን ሁሉ መኪናው ላይ እንወረውር ጀመር። እሳቸው ግን መልሰው አስወረዱን።

«እንዲህ ከተጫነ ሾላ የሚደርሰው ስብርባሪ ነው» አሉ።

ቁም ሳጥኑንና ቡፌውን ከጋቢናው ጀርባ አስጠግተው አቆሙ። መስታወቱን በሁለት ፍራሽ መሃል አስገቡት። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በአንሶላ ጠቅልለው በርሜል ውስጥ ደረደሩ። ገመዱን በእግራቸው እየረገጡ ነበር የሚወጥሩት።

እናቴ የአባቴን ሻንጣ ይዛ መጣች። ክረምት ስለነበር ቅዳሜ እስር ቤት የምንወስድለት ሹራብ፣ ካልሲና ብርድ ልብስ ነበረበት።

«ይሄ ቶሎ ይፈለጋል?» ብለው ጠየቋት።

«አዎ፣ የባለቤቴ ነው። ቅዳሜ ነው የምወስድለት።»

«እንግዲያው መጨረሻ ላይ ከላይ ይጫናል። ቀድሞ የሚፈለግ ዕቃ ኋላ ነው የሚጫነው። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ያቆዩት።»

እናቴ መልሳ አስቀመጠችው።

የመጨረሻዎቹን ወንበሮች እያሰርን ሳለ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣ። ሰዓቱን አየ። በሩን ቆለፈና ወረቀት ለጠፈበት።

ጋሽ ደምሴ ከመኪናው ዘለው ወረዱ። «ጓድ፣ አንድ ሻንጣ ቀርታለች። ልብስ እኮ ነው! የእስረኛ ልብስ።»

«ሰዓቱ አልፏል።»

«ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ። እነሱ ምን አጠፉ?»

«አልፏል አልኩ!»

እናቴ አልለመነችም። ጋቢና ገብታ ተቀመጠች።

ሾላ ስንደርስ አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰነጠቀም ነበር። ጋሽ ደምሴ ሁሉንም አውርደው እስኪጨርሱ ቀና ብለው አላዩንም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። የራሳቸውን ወፍራም ካፖርት አጥፈው በጋዜጣ ጠቅልለዋል። «ለጋሼ ይስጡልኝ» ብለው፣ ተቀመጡ ስንላቸው እንቢ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ካፖርቱንና ምሳውን ይዘን ሄድን። የእስር ቤቱ በር ላይ ያለው ሰው የአባቴን ስም መዝገብ ላይ ፈለገ። ከዚያ ምሳውን ወደ እናቴ ገፋ አደረገና፣ «ለዚህ ሰው ከእንግዲህ ምንም እንዳታመጡ» አለ። ከኋላችን የተሰለፉት ሴቶች ገብቷቸው መንገድ ለቀቁልን።

ያኔ ለእንዲህ ዓይነት ሟች ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይቻልም ነበር። ጥቁር መልበስም ያስፈራ ነበር። እናቴ እንደ ወትሮዋ ለብሳ ሥራ ትሄድ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ደምሴ በራችን ላይ ቆመው፣ «ካፖርቷ ደረሰችላቸው?» አሉ።

እናቴ፣ «ደረሰችለት። ሞቀኝ ብሏል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። የሰውየው ፊት ሲፈታ አየሁት። በሩን ከዘጋች በኋላ ግን እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ለዓመታት ያንን ሹፌር በልቤ ስወቅስ ኖሬያለሁ። አሁን ዕድሜዬ ያኔ ከነበሩበት አልፏል፤ ቂሙም ወጥቶልኛል። ሻንጣው ቢጫንም አባቴ ልብሱን እንደማይለብሰው አውቃለሁ። ይህን ማወቄ ግን አላጽናናኝም። በየትኛው ቀን እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ የነገረን የለም። እናቴም ሳታውቅ አለፈች። እኔም አሁን መጠየቁን ትቼዋለሁ።