ሾርባዬን ያዳኑልኝ አማቴ

ጊዮርጊስ አጠገብ በአንዲት አርመን ሴት ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። እሷ የምትሠራውን የቲማቲም ሾርባ ለባሌ እያወራሁለት ከረምኩ። አንድ ረቡዕ ከአራዳ ገበያ የበሰለ ቲማቲም ገዛሁ፤ ልጬ ጨፈለቅኩና በሶብላና ጦስኝ ጨምሬ፣ ቀጠን አድርጌ ሠራሁት። ውሃ ቀድቼ ስመለስ አማቴ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለው ድስቴን ያማስላሉ።

«ወጥሽ ውሃ ሆኖብሽ ነበር ልጄ፤ በርበሬና ሽሮ ጨምሬ አዳንኩልሽ» አሉኝ።

እንስራውን እዚያው ልከሰክሰው ምንም አልቀረኝም። ግን አማት ናቸው፤ ምን እላለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ለራት ባሌ በእንጀራ ጠቅልሎ ጎረሰ፤ ደገመ።

«ያ ስታወሪልኝ የከረምሽው ሾርባ ይሄ ነው?» አለኝ። «ጥሩ ነው። ዓርብም ሥሪልን።»