ጓሳ ሜዳ የዋሉ አያቶች

ሣህሉ ላንድሮቨር የሚነዳው እግረ መንገዱን ነበር፤ ዋናው ሥራው ለሰው አያት መስጠት ነው።

በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ግን «ሾፌርና አስጐብኚ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ፣ መምህር ይሁን የፋብሪካ ሠራተኛ ወይም ለስብሰባ የተላከ ካድሬ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በእንፍራንዝ መንገድ ጥቂት ከሄደ በኋላ ወደ ሐይቁ ታጥፎ ጓሳ ሜዳን ያያል። በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ሁለት ደጃዝማቾች አንድ ቀን ሙሉ የተዋጉበት ነው ይባላል። ዛሬ የሚታየው አንድ ጉብታ፣ አንድ የሾላ ዛፍ፣ ብዙ ላም፣ ከዚያ ወዲያ ደንገልና ውኃ ነው። እንዲህ ያለ ባዶ ሜዳ አሳይቶ ሰውን ደስ ማሰኘት ቀላል አይደለም። ሣህሉ ግን መላ ነበረው።

እንግዳው ገብቶ በሩን ሳይዘጋ «አገርዎ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዳው እስከሚያውቀው ድረስ የዘር ሐረጉን ይቆጥራል። ሣህሉ እያዳመጠ ማርሽ ይቀይራል። ጉብታው ጋ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፋል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርግና በዱላው እያመለከተ «እንግዲህ የእርስዎ ቅድመ አያት የቆሙት እዚህ ላይ ነበር» ይላል። ከዱርቤቴ ለመጣው የሜጫ ፈረሰኛ ይሰጠዋል። ከጎርጎራ ለመጣው ባሩድ በታንኳ ያሻገረ ጀግና። ከሐረር ድረስ ተቀጥሮ ለመጣ የሒሳብ ሠራተኛ እንኳ አላነሰበትም፤ በዚያ በኩል ሲያልፍ ጦርነት ደርሶበት፣ አህዮቹን አስሮ የገባ ነጋዴ አገኘለት። በጣም የወደደው ሰው ሲሆን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ክብር ያወጣል፤ የጠላትን ነጋሪት የማረኩት የእሱ ቅድመ አያት ናቸው። ቁጥርም ጣል ያደርግበታል፣ ሰው ቁጥር ከሰማ ያምናልና። «ሦስት ጦር ጋሻቸው ላይ ተሰክቶ ነበር፤ አራተኛው ሳታቸው» ይላል። እንግዳው እንባ አቅርሮ «እውነት?» ሲል፣ የሣህሉ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ቦታው አይዋሽም።»

በዚህ ዓይነት፣ አራት መቶ ላም በማይችል ሜዳ ላይ ሣህሉ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የአርባ ሺህ ሰው ጦር አሰልፏል። ክፋት ግን የለበትም። የሰው ፊት ሲበራ ማየት ይወዳል፣ በቃ። ገሃነም ቢወርድ እንኳ በር ላይ የሚያገኘውን ሁሉ የማን ልጅ ነዎት ማለቱ አይቀርም።

ጣጣው የመጣው በ1973 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ኃላፊ ጓድ መርስዔ ኀዘን ከምሥራቅ አውሮፓ የስድስት ወር ትምህርት ጨርሶ ተመለሰ። እዚያ አገር አንድ የጦር ሜዳ ጎብኝቷል። አስጐብኚ የሚባል ነገር የለም፤ መኪናው ውስጥ ካሴት ይከታሉ፣ ካሴቱ «አሁን ታጠፉ፣ አሁን ቁሙ፣ ይህን ተመልከቱ» እያለ ይመራል። ጓድ መርስዔ ኀዘን ይህን ካየ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም።

«ጓድ ሣህሉ፣ አንተ ጉንፋን ከያዘህ ጓሳ ሜዳ ሊዘጋ ነው?» አለው። «ታሪክ በአንድ ግለሰብ አፍ ላይ መንጠልጠል የለበትም። የምታውቀውን ሁሉ ካሴት ላይ አውርደው። ከዚያ ማንኛውም ጭቁን በመኪናው ሄዶ ራሱን ያስጐበኛል።»

ጭቁኑ መኪናውን ከየት እንደሚያመጣ አልተናገረም። ለምረቃው ግን የጀግኖቹ ተወላጆች እንዲገኙ አዘዘ፤ ሦስት ሰዎችም ተመረጡ። አንደኛው የኮሌጁ መምህር አለበል፣ ሁለተኛዋ የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ወይዘሮ የሺመቤት፣ ሦስተኛው ግራዝማች ቢያዝን ናቸው። ሣህሉ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አስነበበ። ሦስቱንም በየጊዜው ጓሳ ሜዳ የወሰዳቸው እሱ ነው። ለሦስቱም ነጋሪቱን ሰጥቷል።

መምህሩና ታይፒስቷ ቢቀየሙ ይችለዋል። ግራዝማች ቢያዝን ግን ሌላ ነገር ናቸው። ማዕረጉ በአዋጅ ከቀረ ቆይቷል፤ ቀበሌ ሲሄዱ «ጓድ ቢያዝን»፣ ደጃፋቸው ሲመለሱ «ግራዝማች» ይባላሉ። ሰገነት የምትባል የወንድም ልጅ አለቻቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። ሣህሉም ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቱ ነው፤ በነዚህ ስድስት ዓመታት ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያነጋግረው ያጣ ሰው፣ ከሰገነት ጋር አንድ ቀን ቢያወራ ሌላ ወሬ ሁሉ አስጠላው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኳል። እሷ «አጎቴ እሺ ካሉ እኔ እሺ ነኝ» አለች። ግራዝማች ደግሞ «ከካሴቱ ምረቃ በኋላ እነግራችኋለሁ» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው። አያታቸው የማረኩት ነጋሪት ለሌላ ሰው ሲሰጥ ከሰሙ መልሳቸው ምን እንደሚሆን ሣህሉ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገውም።

የመቅረጫው ቀን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ባዶ ካሴት ስላልተገኘ የሰልፍ መዝሙር የተቀዳበት አሮጌ ካሴት ሰጡት፤ እንዳይቀዳበት የሚያደርገውን ቀዳዳ በወረቀት ወትፎ በላዩ ላይ እንዲቀዳ። መንገዱን ተረከ፣ ድንኳኖቹን ተከለ፣ ፈረሰኛውን አስነሳ። ነጋሪቱ ጋ ሲደርስ የመምህሩን ቅድመ አያት ጠራና መልሶ አጠፋው። የታይፒስቷን ጠራ፣ አጠፋው። የግራዝማችን ጠራ፤ መምህሩ መኪና ውስጥ ሲጮህ ታየውና እሱንም አጠፋው። ላቡን ጠረገ። ያን ጊዜ በሕይወቱ ከዋሻቸው ሁሉ የረቀቀው ሐሳብ መጣለት፤ ምንም አለመናገር።

«ነጋሪቱን የማረኩት ጀግና ስማቸው...» አለና አፉን ዘጋ። ካሴቱ ይዞራል። ሰው የሚፈልገውን ስም ለመጥራት የሚበቃው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ስላላወቀ በልቡ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። አሜን ሲል ቀጠለ፦ «እኒህ ጀግና ባይኖሩ ኖሮ የዚያ ቀን ነገር ሌላ ነበር።»

ጓድ መርስዔ ኀዘን ሲያዳምጠው ዝምታው ላይ ግንባሩን ቋጠረ። «ተበላሽቷል?»

«የለም ጓድ። እዚያ ላይ ሰፊው ሕዝብ የሚሳተፍበት ነው።»

ኃላፊው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና «የሕዝብ ተሳትፎ» ብሎ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

የምረቃው እሑድ ደረሰ። ግራዝማች በዕድሜያቸው ከፊት ተቀመጡ፤ ጓድ መርስዔ ኀዘን፣ መምህሩና የሺመቤት ከኋላ ተደረደሩ። ለሣህሉ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጠው፤ እንዳይናገር። የሚፈተነው ካሴቱ ስለሆነ እሱ ዛሬ ሾፌር ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ መንገድ ሲለፈልፍ የኖረ ሰው ጥርሱን ነክሶ የራሱን ድምፅ እያዳመጠ መንዳት ጀመረ። ድምፁ ከሚገምተው በላይ ቀጭን ሆኖ አገኘው፤ ተናደደም።

ካሴቱ የተሠራው መኪናው በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ታስቦ ነው። ላሞቹ ግን ይህን የነገራቸው አልነበረም። መንገዱ መሐል ተኝተው ሲነሱ፣ ሲያስቡ፣ ተመልሰው ሲተኙ ካሴቱ መኪናውን ጥሎ ሄደ። «በስተግራ የምታዩት የደጃዝማቹ ድንኳን የተተከለበት ክቡር ሥፍራ ነው» ሲል፣ በስተግራ ያለው ጣሳ የተሰቀለበት ጠላ ቤት ነበር። ጓድ መርስዔ ኀዘን ፎቶ አነሳው። ሣህሉ የገዛ ድምፁ ላይ ለመድረስ ነዳጁን ረገጠ፤ የሺመቤት ጣሪያ ነካች፣ ግራዝማች ባርኔጣቸውን ያዙ፣ ጉብታው ሥር በአቧራ ደመና መሐል ቆሙ። በሰዓቱ ደረሰ።

«ነጋሪቱን የማረኩት ጀግና ስማቸው...» አለ ካሴቱ፤ ዝምም አለ።

«ባሻ አየነው» አለ መምህር አለበል ደረቱን ነፍቶ።

«ቀኛዝማች ድረስ» አለች የሺመቤት፣ እኩል።

«አባ ወልደ ሐዋርያት» የሚል ሦስተኛ ድምፅም ቀስ ብሎ ተሰማ። ጓድ መርስዔ ኀዘን ነበር፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። ኃላፊው ሥራ የጀመረ ሰሞን ሣህሉ ነጋሪቱን ለእሱም ሰጥቶት ኖሯል፤ ሰጪው ግን ረስቶታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለጓሳ ሜዳ ሁለተኛው ጦርነት ነው። መምህሩ ባሻ አየነው ነጋሪቱን በግራ እጃቸው እንደያዙ አስረዳ። የሺመቤት ቀኛዝማች ድረስ ግራኝ እንደነበሩ፣ ስለዚህ ያ ግራ እጅ የእሳቸው እንደሆነ መለሰች። ኃላፊው ጉዳዩ በኮሚቴ እንዲታይ ሐሳብ አቀረበ፤ ግን የአባ ወልደ ሐዋርያት ድርሻ እንዲጠበቅ። ካሴቱ ይህን ሁሉ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ትረካውን ጨርሶ አለቀ፤ ከሥሩም አሮጌው የሰልፍ መዝሙር ፈነዳ። ጓድ መርስዔ ኀዘን ከልማድ የተነሣ ሊቆም ብሎ አናቱን ከጣሪያው ጋር አጋጨ።

ግራዝማች ብቻ ነጋሪቱን አልጠየቁም። በሩን ከፍተው ወረዱና «ና እስቲ» አሉት ሣህሉን። ሣህሉ ሰገነት ከነሳቋ ከእጁ ስትሄድ እየታየው ተከተላቸው። ሾላው ሥር ሲደርሱ ዱላቸውን ተደግፈው ሐይቁን ማየት ጀመሩ።

«የኔ አያት ጓሳ ሜዳ አልዋሉም» አሉ።

ሣህሉ ቀና ብሎ አያቸው።

«ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ። ዓሣ ያሰግሩ ነበር። ነጋሪት ቢያዩ ድስት ነው የሚመስላቸው። ያን ቀን የዋሉት ውኃው ላይ ነው፤ ይህን ከአባቴ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ግራዝማች፣ ያኔ ስነግርዎ ለምን ዝም አሉ?»

«ደስ ስላለኝ ነዋ። በሰማንያ ዓመቴ አንድ ሰው መጥቶ አያቴን ጀግና ሲያደርግልኝ ምን ብዬ ልከልክል? ውሸት እንደሆነ አወቅሁ፤ ቢሆንም ሌሊቱን እያሰብሁት ሳቅሁ።» ዞር ብለው አዩት። «ልጄን የሚወስድ ሰው ግን የማን ልጅ እንደሆነ ሳላውቅ አልሰጥም። ሁሉን የማን ልጅ ነዎት ትላለህ። አንተስ? ያንተ ቅድመ አያት ወዴት ቆሙ?»

ይህን ሣህሉን የጠየቀው ሰው አልነበረም። በአርባ ሺህ ሰው መሐል ለራሱ አንድ እንኳ ሳያስቀር ኖሯል። አንድ ፈረሰኛ ሊመዝ ፈለገና ተወው፤ እውነቱን ተናገረ።

«ሸሽተዋል» አለ። «ስንቅ ተሸካሚ ነበሩ። ውጊያው ገና ሲጀመር ስንቁን ጥለው እዚያ ደንገል ውስጥ ገቡ። እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ዋሉ። ጦርነቱን ሁሉ ያዩት ከዚያ ሆነው ነው፤ እኔም በቤታችን ሲወራ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ሌላውን... ሌላውን እኔ ጨመርሁት።»

«ማን አወጣቸው?»

«እሱን አልነገሩንም። ያፍሩ ነበር መሰለኝ።»

ግራዝማች ዱላቸውን አነሡና በደንገሉ በኩል አመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲህ ቅድመ አያትህ የቆሙት እዚያ ላይ ነበር» አሉ። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት ታንኳ በደንገሉ ጥግ መጣች። ቀዛፊው የአንድ ሰው ራስ ውኃ ላይ አየ፤ ዳክዬ መስሎት ነበር። ሲቀርብ ሰውየው በብርድ ይንቀጠቀጣል። ቀዛፊው እጁን ዘረጋና ውጣ ወንድሜ አለው። ሰባት አልቅት እግሩ ላይ ተጣብቆ ነበር። ስድስቱን በጨው አስለቀቀለት፤ ሰባተኛው ራሱ ጠግቦ ወደቀ።»

ሣህሉ ዱላውን አወቀው። የድምፁን መውረድ አወቀው፤ ቁጥሩንም። የገዛ እጁ ሥራ ነው፣ ከነአሠራሩ ያውቀዋል። እያወቀውም እንባው ፈሰሰ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው እያለ በልቡ ራሱን ረገመ። በቤታቸው ሁሉም ያፍርባቸው የነበሩ ቅድመ አያቱ፣ አንድ ሰው ውጣ ወንድሜ ብሏቸው ሲወጡ ታዩት።

«እንግዲህ ቤታችን ያኔ ያወጣውን ሰው ዘር» አሉ ግራዝማች፣ «ዛሬ ከደጅ ብመልስ ነውር ነው። ሽማግሌዎችህን ላክ።»

ሣህሉ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። መኪናው ውስጥ መዝሙሩ ይጮሃል፣ ነጋሪቱም ገና ባለቤት አላገኘም።

«እውነት ግራዝማች?» አለ።

«ቦታው አይዋሽም» አሉና ቀድመውት ወደ መኪናው ሄዱ።