ሻርክን ማን ያርሳታል?

ባሕር አይቼ አላውቅም። ላንጋኖ ዋኝቻለሁ፣ ዝዋይ የተጠበሰ ዓሣ በልቻለሁ፤ የውሃ ልምዴ እዚህ ላይ ያበቃል። ግን አዳማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁና ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ሻርክ!» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ።

ስልኬ ላይ አፍጥጬ ሰንብቼ ሰማያዊውን ሻርክ መረጥኩ። ጥርሱን የሚፈራ ይፍራ፤ እኔ የወደድኩት ኑሮውን ነው። የሚኖረው ከዳርቻ ርቆ፣ መሬት በማይታይበት ውቅያኖስ ላይ ነው። ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ነጭ ነው፤ ከላይ ያየው ውሃ ይመስለዋል፣ ከታች ያየው ብርሃን። ካልዋኘ ውሃው በመተንፈሻ ስንጥቡ አያልፍም፣ ካላለፈ ደግሞ አይተነፍስም፤ ስለዚህ ዕድሜ ልኩን አረፍ ማለትን አያውቅም። የሻሸመኔ መስመር ሹፌር እንኳ ለምሳ ይቆማል።

በዚያው ሰሞን ቤቴ ውስጥ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እናቷ የሞተችባት በልጅነቷ ነው። ስትወልድ የሚያርሳት፣ ማለትም ገንፎዋን የሚያገነፋላት፣ ወገቧን የሚያሽላት፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ቢኖር የእኔ እናት ብቻ ነበረች። እናቴ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ደራ ናት፣ ኦርቶዶክስ ናት፣ አኩርፋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ኩየራ፣ በባለቤቴ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ስንጋባ ሠርጋችን ላይ አልተገኘችም፤ ከዚያ ወዲህም ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። ልጠይቃት ስሄድ «እናንተ ደህና ናችሁ?» ትለኛለች። ለባለቤቴ የምትደርሳት የዚያች «እናንተ» ግማሽ ብቻ ነበረች።

«ጎረቤት ሞልቷል፣ አታስብ» ትለኝ ነበር ባለቤቴ እየሳቀች። አንድ ዓርብ ግን የሕፃኑን ልብስ እያጣጠፈች ስታለቅስ ደረስኩባት። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ መንገዱን ሙሉ የልመና ንግግር እያሰናዳሁ ደራ ሄድኩ።

እናቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ፊቷን ሳይ ያሰናዳሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እኔ ሲጨንቀኝ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ስለ ሻርክ ጀመርኩላት።

«ዓሣ ነባሪውን ነው የምትለኝ?»

«አይደለም እማዬ። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። ሻርክ ነው ዓሣው።»

«ዓሣ ነባሪ ተብሎ ዓሣ አይደለም?»

«አይደለም። ይቺኛዋ ደግሞ ዓሣ ሆና እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ግልገሎቹ ሆዷ ውስጥ በእትብት እንደሚመገቡ ነገርኳት፤ ዘጠኝ ወር፣ ሲልም አንድ ዓመት እንደምታረግዝ፣ ሠላሳም አርባም እንደምትወልድ፣ ከመቶ በላይ የምትወልድም እንዳለች።

«ያ ዋቅ! አምላኬ፣ መቶ!»

የሴቷ ቆዳ ከወንዱ በጣም የወፈረ ነው፣ ምክንያቱም ወንዱ ሲፈልጋት ይነክሳታል አልኳት።

«ሴትነት ውሃ ውስጥም ያው ነው በለኛ» አለች። ቀጥላም «እሺ፣ ከወለደች በኋላስ?»

«ትሄዳለች። ግልገሎቹም ወደየፊናቸው ይበተናሉ።»

«ማን ያርሳታል?»

ሳቄ አመለጠኝ። «ሻርክ አራስ ቤት አታውቅም እማዬ። ወልዳ መዋኘቷን ትቀጥላለች፤ ካቆመች ትሞታለች።»

እሷ አልሳቀችም። «ዞር ብሎ የሚያያት የለም?»

«ማንም የለም።»

ከምስሩ አንዲት ጠጠር አውጥታ ወረወረች። እኔ ስለምትበላው ነገር ልቀጥል አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«ማን ያርሳታል?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ሻርክ...»

«ሻርኳን ተዋት። ሚስትህን ነው የምልህ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ «ሚስትህ» ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ የሰው ልጆች የማስተምር።

«ማንም የለም» አልኳት።

ሰፌዱን አስቀምጣ ጓዳ ገባችና አንድ ማዳበሪያ አጃ እየጎተተች ወጣች።

«ያዝ፣ ለአጥሚት ነው። ተሸክመህ ወደ መናኸሪያው ቅደም፤ እኔ ነጠላዬን ላንሳ።»

«እማዬ፣ ገና ሰባት ወሯ እኮ ነው» አልኳት ማዳበሪያውን እንዳቀፍኩ።

«አውቃለሁ» አለች በሩን እየቆለፈች። «እኔ ግን ሁለት ዓመት አርፍጃለሁ።»