ዳቦው አጠገብ የተቀመጠው ቁልፍ

ትናንት የልጅ ልጄ የልደት ሻማዋን እፍ ብላ ስታጠፋ የጭሱ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የነበረው ቤታችን መጣብኝ።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ስለተዘጋ ምእመናኑ እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ሰበቡ የእኔ ልደት ነው፤ ዳቦና ሻማ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። በአንድ ክረምት ስንቴ እንደተወለድኩ እንጃ! በር ሲንኳኳ ጸሎቱ ይቆማል፣ እኔ ሻማውን አጠፋለሁ፣ ሁሉም ያጨበጭባል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንኳኩተው የገቡት ጋሽ ደሳለኝ ነበሩ። ድሮ ከአባዬ ጋር ይዘምሩ ነበር፤ ኋላ ግን የቀበሌ ጠባቂ ሆነው ጸሎት ቤቱን በገዛ እጃቸው ቆለፉት። እፍ አልኩ። ማንም አላጨበጨበም።

ጋሽ ደሳለኝ የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ዳቦው አጠገብ አስቀመጡና ማልቀስ ጀመሩ።

«ወደ ቀበሌ እየሄድኩ ነበር፤ እግሬ እዚህ አመጣኝ» አሉ።

«እግርህ አይደለም ያመጣህ» አለ አባዬ። ቁልፉን አንስቶ ኪሳቸው ውስጥ መልሶ ከተተላቸው። «ይሄን ነገ ቀበሌዎቹ ይጠይቁሃል። እኛ እግዚአብሔርን ስንለምን የኖርነው አንተን እንዲመልስልን ነው።»

ግራ ገባኝ። በየጸሎቱ «በሩን ክፈትልን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ቁልፉ ቤታችን ድረስ ሲመጣ ለምን ይመልሱታል?

«እማዬ፣ በሩስ?» ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ።

«ዝም በይና ዳቦሽን ቁረሺ። የመጀመሪያውን ለጋሽ ደሳለኝ ስጪያቸው።»

ትናንት የልጅ ልጄ ቢላዋውን ይዛ «የመጀመሪያውን ለማን ልስጥ?» ስትለኝ፣ ሳላስበው ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ።