ያልተሞላው መለያ ወረቀት

አጎቴ ከማስተማር ጡረታ ከወጡ በኋላም ዕፅዋት እየቆረጡ በጋዜጣ መሃል ያደርቁ ነበር። የተቆረጠበትን ቦታ ከእያንዳንዱ ጋር በሚያያዘው መለያ ወረቀት ላይ በእርሳስ የሚጽፉት እዚያው ተክሉ አጠገብ ቆመው ነበር። እኔ ቦታውን ስናገር «አይተሃል ወይስ ይመስልሃል?» ይሉኝ ነበር።

የመጨረሻውን የበረሃ ቁጥቋጦ አፋር ላይ እንደቆረጡ ሕመም ጣላቸው፤ ወረቀቱን ሳይሞሉ እንጅባራ ወዳለው ቤታችን ተመለስን። ከቀበርናቸው ወዲህ ዝናቡ አላባራም። ቅርንጫፉ እንዳይሻግትብኝ ፈርቼ ጋዜጣውን በየቀኑ እቀይራለሁ። ይበልጥ የምፈራው ግን ወረቀቱን ነው። ነገ ያን ተክል የሚፈልግ ሰው በእኔ ጽሑፍ ይሄዳል። አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። የቆረጡት ከደረቁ ወንዝ ወዲህ ነበር ወይስ ማዶ?

ትናንት «ከወንዙ ማዶ» ብዬ ጻፍኩ። እርሳሱን እንደያዝኩ ጥቂት ጠበቅኩ። «አይተሃል?» ብሎ የጠየቀኝ የለም።